አንድ መብሻ ለሁሉም ጆሮ

ለክቡር የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እንደምን ከርመዋል? ሰውነትዎ፣ ቆዳዎ፣ በተለይም ጆሮዎ እንደምን ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ። በእኛ ሰፈር ሰሞኑን ጆሮው ደኅና የሆነ ጥጃ ማየት ብርቅ ስለሆነብን፣ ያገኘነውን ሁሉ ስለ ጆሮው መጠየቅ ልማድ ሆኖብን ነው። እኛ በቸርነትዎ እስካሁን አለን። ጊደራችንም በቸርነትዎ እስከ ሰኞ አለች።

ምናልባት ዘንግተውኝ ከሆነ ማንነቴን ላስታውስዎ። ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣ ሁለት ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ባላት ጠባብ ክፍል የምሠራው ፀጉር አስተካካይ ነኝ። እርስዎም ሁለት ጊዜ ጎራ ብለው ራስዎን አምነው ሰጥተውኛል። በሁለቱም ጊዜ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ፣ ማሽኑ ከእርስዎ በፊት ከነበረው ሰው በኋላ በአልኮል መጠረጉን ጠይቀው፣ እኔም ተጠርጓል ብዬ ሳበቃ ዓይንዎ እያየ ደግሜ እንድጠርገው አዝዘው፣ ስጠርገውም ንጽሕና የሥልጣኔ ምልክት መሆኑን አስረድተውኝ ነበር። ያንን ትምህርት አልረሳሁትም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በዚያው መንፈስ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ትንሽ በረት በረት ቢሸትዎ ራቅ አድርገው ቢይዙት አልቀየምም።

ባለቤቴ ለብዙ ዘመን የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበረች። የእጇ ቆዳ በበረኪና ተልጦ ሲያልቅ ሥራውን ተወችና ከጓሯችን አንዲት ላም አሰረች። ላሚቱ በወሊድ ሞተችባት። የተረፈችውን ጥጃ በጡጦ እያጠባች፣ በብርድ ጊዜ የራሳችንን ብርድ ልብስ እያለበሰቻት (እኔም በዚያው ጊዜ እየተንቀጠቀጥኩ) እፍ እፍ ብላ አሳደገቻት። ጥቁር ናት፤ ግንባሯ ብቻ ነጭ ጨርቅ ያሰረች ስለሚመስል ሻሼ አልናት። ሻሼ ዛሬ ጊደር ሆና የመጀመሪያ ጥጃዋን አርግዛለች፤ ለመውለድም ተቃርባለች። ባለቤቴ እንደገና ወደ ሰው አንሶላ ማጠብ ትመለስ ወይስ በራሷ ላም ትተዳደር የሚለው ነገር ያለው በዚህች ጊደር ሆድ ውስጥ ነው። እንግዲህ እኔ ስለ ከብት ሀብት አጠቃላይ ሁኔታ ልሟገት አልመጣሁም፤ እሱን ለስብሰባዎ ትቼዋለሁ። የምሟገተው ስለ ሻሼ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ሰኞ ጠዋት ወስዶ ሊገድላት ወስኗልና። ጥፋቷ ጆሮዋ ላይ ኪንታሮት ማብቀሏ ነው። እንዴት ልታበቅለው እንደቻለች ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ስለሰማሁም ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያ ስለ ጉትቻው ላመስግንዎ። እናንተ የጆሮ መለያ ትሉታላችሁ፤ ሰፈሩ ግን ከብቶቹ ሁሉ ቢጫ ጌጥ ተሰክቶላቸው ሲያይ ጉትቻ ብሎታል። ከወተት መሰብሰቢያው ጀርባ ባለው ሜዳ ድንኳን ተተክሎ፣ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ፣ መለያ የሌለው ከብት ከእንግዲህ ወተቱ እንደማይገዛና መድኃኒት እንደማያገኝ ሲነገረን፣ እኛም ከብቶቻችንን እየጎተትን ተሰለፍን። ንግግር አድርገዋል፤ ጥሩ ንግግር ነበር፣ ረጅምም ነበር፣ ከብቶቹ እንኳ ቆመው አዳመጡት። ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ። ሥራውን የሠራው ሰፈሩ ባለጓንቱ የሚለው ባለሙያዎ ነው። ይህን ስም ያገኘው ሻይ ሲጠጣ እንኳ የጎማ ጓንቱን ስለማያወልቅ ነው። አንድ ጆሮ በበሳ ቁጥር፣ ጓንቱን ትንሽ ደም ነካ ካደረገው፣ አውልቆ ይጥልና ከካርቶን አዲስ ያወጣል። እጁን እንዲህ የሚንከባከብ ሰው አይቼ አላውቅም። መብሻው ግን አንድ ነበር። ጠዋት የመጀመሪያውን ጆሮ የበሳው መብሻ እስከ መጨረሻው ጆሮ ድረስ፣ የአንዱን ደም ለሌላው እያቀበለ፣ ሳይጠረግ ዋለ።

ከሻሼ ፊት የተሰለፈው የጎረቤታችን የሹፌሩ ወይፈን ነበር። ጆሮው ሥርና አንገቱ ላይ አበባ ጎመን የመሰለ፣ ሻካራ፣ ግራጫ ነገር ተጎልጉሎ ይታያል። ባለጓንቱ አይቶት ፊቱን አጨማደደ፣ ከፊት ማጨማደድ በቀር ግን ሌላ እርምጃ አልወሰደም፣ በዚያው እብጠት መሐል ቀጭ አድርጎ በሳው። ቀጥሎ ሻሼ ቀረበች። ባለቤቴ፣ አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ናትና፣ ወንድሜ እስቲ በፈጠረህ ይህን ነገር ጠረግ አድርገው ብላ ለመነችው። እሱም እትዬ ላም ናት እንጂ ሙሽራ አይደለችም አላት። ሰልፈኛው ሳቀ። እሷም ሰው ፊት መከራከር አፍራ የሻሼን ራስ ያዘችለት። ክቡር ሆይ፣ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ኪንታሮቱ በሻሼ ጆሮ ላይ ወጣ፤ የወጣውም እንዲሁ በዘፈቀደ ሳይሆን በጉትቻው ቀዳዳ ዙሪያ፣ ክብ ሠርቶ ነው። ከእሷ በኋላ የተሰለፉት የብዙዎቹ ጥጆችም እንደዚሁ። ከወይፈኑ በፊት ተበስተው የሄዱት ግን አንዳቸውንም አልነካቸውም። ጽሕፈት ቤትዎ የኪንታሮቱን ምንጭ ለማወቅ ገና ጥናት እያስጠናሁ ነው ማለቱን ሰምቻለሁ። ጥናቱን እንዳያደናቅፍ ስለምፈራ ይህን ያየሁትን ነገር እንዳልጻፍኩት ይቁጠሩልኝ።

፪ኛ. ስለ ንብረት አያያዝዎ ደግሞ ባርኔጣዬን አንሥቼ አመሰግናለሁ። ነገሩ ሲገባኝ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ፣ በረጅሙ ኮሪደር እግሩ የተሰበረው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ባለጓንቱ ሲወጣ ጠብቄ፣ መብሻው ለምን እንደማይታጠብ በሰላም ጠየቅሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግራና ቀኝ አየና ነገረኝ። ተሕዋስያን የሚያጠፋው ፈሳሽ በመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል። ነገር ግን ከዚህ በፊት አንድ መብሻ በዚህ ፈሳሽ ሲታጠብ ሲታጠብ ስለዛገ፣ የንብረት ክፍሉ ፈርሞ የወሰደውን ሠራተኛ በንብረት ማበላሸት ከሰሰው። ከዚያ ወዲህ መብሻ የተባለ ሁሉ ፈሳሽ እንዳይነካው፣ ማታ ሲመለስም ዘይት በነካ ጨርቅ ተወልውሎ እንዲሰቀል ታዘዘ። ስለዚህ ባለሙያዎቻችሁ መብሻውን ከዝገት ይጠብቃሉ። እጅግ ደኅና አድርገው ጠብቀውታል፤ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንደ መስታወት ያበራል። በሰፈሩ ካሉት ፍጥረቶች ሁሉ በዚህ ዘመቻ ምንም ጉዳት ያልደረሰበት እሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የግል ነገር ላንሣ። ባለፈው ዓመት የአልኮል ጠርሙሴ ባዶ ሆኖ ስለተገኘ ሱቄ ታሽጎብኝ ነበር። ያሸጉኝ ከእርስዎ በላይ ባለው ፎቅ የሚሠሩት የሰው ጤና ተቆጣጣሪዎች ናቸው። አላጉረመረምኩም፤ ልክ ነበሩ። የአንዱ ራስ የነካው ማሽን ሳይጠረግ የሌላውን ራስ ቢነካ ምን እንደሚያስተላልፍ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ፣ በራፌ ላይም ቀይ ወረቀት ለጠፉ። በእነሱና በእርስዎ መካከል ያለው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። እባክዎ፣ አንድ ቀን ሲመችዎ ያንን ደረጃ ይውጡት። ጉልበትዎን ካመመዎም እነሱ ይውረዱ። ወይስ ቀይ ወረቀቱ የሚለጠፈው እንደ እኔ ባለ ጠባብ በር ላይ ብቻ ነው?

፫ኛ. በወተት መሰብሰቢያው በር ላይ ስላስለጠፉት ማስታወቂያ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ማስታወቂያው በትልልቅ ፊደል፣ ኪንታሮቱ «በአርቢዎች የንጽሕና ጉድለት» የመጣ መሆኑን ያትታል። ከታችም የእርስዎ ማኅተም አለበት። ይህን ያነበበችው ባለቤቴ የሆቴል አንሶላ ነጭ ከማድረግ በቀር በዕድሜዋ ሌላ ሥራ ያልሠራች ሴት ናት። በዚያው ቀን ወደ በረቱ ገብታ ወለሉን በጭቃ መጥረጊያ፣ ከዚያ በውሃ፣ ከዚያ እንደገና በውሃ፣ ከዚያ በእጇ አጠበችው። ተይ እንጂ ብላት አልሰማ አለችኝ። ከብት የሚተኛበት ወለል ላይ ተንበርክካ ትፈትግ ነበር። ለማን ነው የምታጥቢው ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፤ ከመጡ ይዩት አለችኝ። አልመጡም፣ አላዩም።

ይህ ማስታወቂያ ለሰፈሩም ብዙ ጥቅም አስገኝቷል። የሴቶቹ የወተት ሰልፍ ባለቤቴ ስትደርስ ከመሐል ይከፈትላታል፤ የሚከፈትላት ለክብሯ አይደለም፣ እንዳትነካቸው ነው። ልብ ይበሉ፣ ገና የምትታለብ ላም የላትም፤ የምትሄደው ለመግዛት ነው። ወደ እኔ ሱቅም አንድ የዱሮ ደንበኛዬ መጥቶ፣ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ይህ የላም ነገር በመቀስ ይተላለፋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይተላለፍም ስለው አመነኝ፤ ካመነኝ በኋላ ሌላ ፀጉር አስተካካይ ጋ ሄደ።

፬ኛ. ስለ ሐኪሟ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ከብዕሬ አልወጣ ብሎኛል። በጽሕፈት ቤትዎ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ነበረች። ባለቤቴ ስትጠራት መኪና የለም ሳትል በእግሯ መጣች። ቦት ጫማዋን ከመግባቷ በፊት አጠበች፣ ሻሼን ከነካች በኋላም እንደገና እጇንም ጫማዋንም አጠበች፤ እኛ በር ላይ ቆመን አየናት። ከዚያም ቁጭ ብላ በማይከብድ ቋንቋ አስረዳችን። ይህ ኪንታሮት በቫይረስ የሚመጣ ነው አለች። በደኅና ቆዳ ላይ ብዙም አይዝም፤ ቆዳው ሲበሳ፣ ሲቧጠጥ ወይም ሲቆረጥ ግን በር ያገኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ወጣት ከብቶችን ነው፤ ገብቶም ወዲያው አይታይም፣ ሳምንታትና ወራት ቆይቶ ነው የሚያብበው። ጡት ጫፍ ላይ ከወጣ ለማለብ ያስቸግራል፣ ብዙ ከሆነም ሐኪም ቆርጦ ያነሣዋል፤ የሻሼ ግን ጆሮ ላይ ብቻ ነው። ወደ ሰው ይመጣል ብላችሁ አትስጉ አለች። ከሌሎች ከብቶች ለይታችሁ እሰሯት፣ ገመዷንና ዕቃዋን ለሌላ አታውሱ፣ ከዚያ በኋላ ታገሡ፤ ሰውነቷ ራሱ መታገል ሲማር ኪንታሮቱ ይደርቅና ይረግፋል። ሞት የሚያስፈርድ በሽታ አይደለም አለች። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ሐኪሟ ያየችውን ሁሉ ለእርስዎ እንደምታመለክት ነግራን ሄደች፤ አመለከተችም። እርስዎም ችሎታዋን ወዲያው ተገንዝበው ወደ ሌላ የሥራ ክፍል አዛወሯት። ዛሬ የመሥሪያ ቤቱን የስብሰባ አዳራሽ ለጠያቂዎች በተራ ትሰጣለች፣ ወንበር ሲጎድልም ታስመጣለች። በአንድ የከብት ሐኪም እጅ ስብሰባዎችዎ ምን ያህል ጤናማ እንደሆኑ አልጠራጠርም። እኛ ግን ሐኪም የለንም።

፭ኛ. ይህኛው ዋናው ነው፤ ጨዋነቴም እስከ መጨረሻው ድረስ ይቆይልኝ ዘንድ እየጸለይኩ እጽፈዋለሁ። ኪንታሮቱ በሰፈሩ ሲበዛ መኪናዎ በድምፅ ማጉያ እየዞረ፣ ከብቱ ኪንታሮት ያወጣበት ሰው ሳይፈራ ቀርቦ እንዲያሳውቅ፣ ያሳወቀም እርዳታ እንደሚያገኝ አስነገረ። ሰዎቹ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ? ጥጆቻቸውን ደበቁ። አንዱ ወደ ወንድሙ ግቢ አሻገረ፣ ሌላው በሸራ ሸፈነ፣ ሌላው ጆሮዋ የታመመባትን ጥጃ ኮፍያ አልብሷት ሳይ በሳቅ ሞትኩ። ባለቤቴ ግን መንግሥት እርዳታ እሰጣለሁ ካለ ይሰጣል እንጂ ይዋሻል እንዴ ብላ፣ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ ሄዳ አሳወቀች። ያሳወቀችው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ዘንድ ኪንታሮት ያለባት ከብት በሰፈራችን አንዲት ብቻ ሆና ተገኘች።

እርዳታው መጣ። ኮሚቴ ሆኖ በመኪና መጣ። ግቢያችን ትንሽ ጭቃ ስለነበረው ኮሚቴው ከመኪናው አልወረደም፤ ባለቤቴ ሻሼን እስከ መስኮቱ ድረስ አቀረበችላቸው፣ እነሱም መስታወቱን ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርገው አዩዋት። ሻሼ ሰው ስለምትወድ አፍንጫዋን ወደ ውስጥ ሰደድ ስታደርግ መስታወቱ ወደ ላይ ወጣ። በዚያው ሳምንት፣ ከላይ የሚመጡ እንግዶች ዘመቻው ያስገኘውን ውጤት ማክሰኞ ስለሚጎበኙ፣ አካባቢው በዚያን ቀን ከኪንታሮት ነጻ ሆኖ መገኘት ስላለበት፣ የታመመችው ከብት ሰኞ ጠዋት እንድትወገድ መወሰኑ ተነገረን። እርጉዝ ናት ብንል፣ እርጉዝ መሆኗ በውሳኔው ላይ ለውጥ እንደማያመጣ አስረዱን። ትድናለች ብንል፣ እስከ ማክሰኞ ትድናለች ወይ ብለው ጠየቁን።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥያቄ እስቲ እባክዎ ከመተኛትዎ በፊት አንድ ጊዜ ለራስዎ ይጠይቁት። የሹፌሩ ወይፈን፣ ያ መጀመሪያ የታመመው፣ ተደብቆ ሰነበተ እንጂ ማንም አልነካውም፤ ኪንታሮቱ ደርቆ ረግፎለት ዛሬ የሰው አጥር በቀንዱ ይነቀንቃል። የት እንዳለ አልነግርዎትም፤ ቢያስሩኝም አልነግርዎትም። የደበቀ ሁሉ ዳነ። ያመነቻችሁ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ቅጣቱም ለእሷ ብቻ ሆነ። ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ከብቶች የባሰ፣ በእውነት የሚገድል፣ ወደ ሰውም የሚሻገር በሽታ ቢይዛቸው ማን ቀርቦ ሊነግርዎት ነው? ሁላችንም መደበቅ ተምረናል። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ የተሳካ ዘመቻ ማለት ይህ ነው።

፮ኛ. ሻሼን በገዛ ፈቃዳችን እንዳስረከብን የሚገልጽ ወረቀት እንድንፈርም ስለመጣልንም እናመሰግናለን። ባለቤቴ ጣቴ ቢቆረጥ አልፈርምም አለች። ወረቀቱን ያመጣው ሰው ትሑት ስለነበረ፣ ባትፈርሚም ችግር የለውም፣ ትወሰዳለች ብሎ አጽናናት።

፯ኛ. በሚመጣው ወር ሁለተኛው ዙር የጉትቻ ዘመቻ እንደሚካሄድና በመጀመሪያው ዙር ያመለጡ ከብቶች ሁሉ እንዲቀርቡ በድምፅ ማጉያ ሰምተናል። መብሻው ያው መብሻ መሆኑን ባለጓንቱን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ዘይቱም ተገዝቷል አለኝ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው፤ እንዲያውም ልመና ስለሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። እባክዎ ሻሼን ለእኛ ይተዉልን። ለእንግዶችዎ እንዳትታይ ከፈለጉ በመኝታ ክፍላችን እናስራታለን፤ አልቀልድም፣ ባለቤቴ አልጋውን ወደ ግድግዳ አስጠግታ ቦታውን ለክታዋለች። እባክዎ ሐኪሟ ከወንበር ቆጠራዋ ግማሽ ቀን ተፈቅዶላት መጥታ ትያት፤ የሷን ቃል ካላመኑ የፈለጉትን ሌላ ሐኪም ይላኩ፣ ከመኪና እስከ ወረደ ድረስ እንቀበለዋለን። እባክዎ ያ ማስታወቂያ ከወተት መሰብሰቢያው በር ይነሣ፤ ባለቤቴን ይቅርታ መጠየቅ ከማዕረግዎ ጋር የማይሄድ ከሆነ ወረቀቱን ዝም ብሎ መገንጠል ብቻ ይበቃናል። መብሻውን ደግሞ፣ እባክዎ፣ ያጥቡት። ከዛገ ይዛግ! የዛገ ብረት ሌላ ይገዛል። እኔ ተቆጥቻለሁ፤ በጨዋ ቃል የምጽፈው ቁጣው ስለቀነሰልኝ ሳይሆን፣ ስድቤን ሰምተው ጉዳዩን ወደ ስድቤ እንዳያዞሩት ፈርቼ ነው። ሰው በማያውቀው ነገር ቢሳሳት ይቅር ይባላል። እናንተ ግን ስታውቁ፣ ፈሳሹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋችሁ፣ የገዛ እጃችሁን በጓንት ሸፍናችሁ፣ ጥፋቱን አንሶላ አጣቢ ላይ አላከካችሁ።

ወደ ሱቄ ለሦስተኛ ጊዜ ቢመጡ እንደ ሁልጊዜው በክብር አስተናግድዎታለሁ። ማሽኑንም ዓይንዎ እያየ ሁለት ጊዜ እጠርግልዎታለሁ። አንድ ጊዜ ለእርስዎ ጤና፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዴት እንደሚጠረግ እንዲያዩት።

የደረጃዎ ከፍታ፣ የወንበርዎ ስፋት፣ የማኅተምዎም ክብደት ከዚህ የበለጠ እንዲጨምርልዎ እየተመኘሁ፣ ከላቀ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ታዛዥዎ፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ፤
የአንዲት እርጉዝ ጊደር ባለቤት ባል።

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍሉ (ስለ መብሻው ጤና እንዲያውቅ)
ለስብሰባ አዳራሽ ክፍል፣ ለሐኪሟ (ከምስጋና ጋር፤ ይህኛው ምስጋና የእውነት ነው)
ለወተት መሰብሰቢያው በር፣ ከማስታወቂያው ጎን ለሚለጠፍ
ለጎረቤቴ ለጫማ ሰፊው (ጮክ ብሎ ስለሚያነብ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ዓርብ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን አጥፌ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ልወጣ ስል ሰዎችዎ በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እንግዶቹ ቀናቸውን አስቀድመው እሑድ ስለሚገቡ የሰኞው ወደ ዛሬ ተሻሽሏል አሉን። ጽሕፈት ቤትዎ አንድ ነገር ከቀጠሮው ቀድሞ ሲፈጽም በዕድሜዬ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና እንኳን ደስ አለዎት። ሻሼ ለማታውቀው ሰው ገመድ እምቢ ብላ መሬቱን ስለቆፈረችባቸው፣ ባለቤቴ ራሷ መኪናው ላይ እንድታወጣላቸው ጠየቋት። ጠራቻት፤ ሻሼም ድምፅዋን ተከትላ ወጣች። ባለጓንቱ ለማሰር ጆሮዋን ሲይዛት ኪንታሮቱ ደርቆ ኖሮ መዳፉ ላይ ተራግፎ ቀረ። እሱም አየው፣ እኔም አየሁት። ጓንቱን አውልቆ ጣለና አዲስ አጠለቀ። ከሰዓት በኋላ እንደሰማነው ጥጃዋ ሴት ነበረች። ለእኛ በተሰጠን ወረቀት ላይ የተወገደው «አንድ ከብት» ይላል፤ ሁለት ናቸውና ያስተካክሉት። ደብዳቤውን ሳልለውጥ የላክሁልዎ በውስጡ ብዙ «እባክዎ» ስላለ ነው። ስንት ጊዜ እንደለመንዎ ራስዎ ይቁጠሩት።